ጨረቃ ለዘመን ቍጥር እንጂ ለዕድል አልተሰጠችም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር በአራተኛው ቀን፥ በዕለተ ረቡዕ፥ ፀሐይንና ጨረቃን ከዋክብትንም ሲፈጥር፥ የተፈጠሩበትን ምክንያት ኦሪት ዘፍጥረት ሳይሰውር ይነግረናል። ይኸውም በምድር ላይ እንዲያበሩ፥ ቀንንና ሌሊትን እንዲለዩ፥ የዘመናትና የዕለታት የዓመታትም ምልክት እንዲሆኑ ነው። ጨረቃ የሰውን እንጀራ እንድታበዛ ወይም እንድታሳንስ፥ ትዳር እንድታቀና፥ ጠላትን እንድታስር ሥልጣን ተሰጣት የሚል ግን በዚያ ክፍል አንድ ፊደል እንኳ አይገኝም። መብራት ለቤቱ ጌታ ያበራል እንጂ የቤቱን ጌታ አያዝዘውም።

ይህ በዐውደ ምሕረት ሲነገር የሚቃወም ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ማታ በር ከተዘጋ በኋላ በአንዳንድ ቤት የሚደረገው ሌላ ነው። ጨረቃ ስትሞላ ውኃ በሳሕን ቀድቶ በደጅ ማሳደርና በማለዳ በእርሱ መታጠብ፥ ምኞትን በወረቀት ጽፎ በሻማ ማቃጠል፥ በሠርቀ ጨረቃ ጨው በደፍ ላይ መበተን፥ ዕጣን አጢሶ የሰው ስም መጥራት፥ ይህን የመሰለ ሁሉ ከአባቶቻችን ዘመን ልማድ የቀረው ከባሕር ማዶ በእጅ ስልክ ከሚመጣው ጋር ተደባልቆ ይሠራል። አንድ ክፍል ቤት ለዚህ ይበቃዋል። አልጋው፥ ምድጃውና የእመቤታችን ሥዕል በአንድ ግድግዳ ሥር ባሉበት ጠባብ ቤት፥ መሠዊያ ሳይተከል፥ ጠንቋይ ሳይጠራ፥ ገንዘብም ብዙ ሳይወጣ ይፈጸማል። ነገሩ ትንሽ ስለ ሆነም ኃጢአቱ ትንሽ ይመስላል። ንስሐ አባትም ስለማይጠይቅ ተነሳሒው አይናገረውም።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ስለ ጨረቃ ዕውቀት ሁለት መምህራን እንዳሉ እናስተውል። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥረው መጽሐፈ ሄኖክ ይህን በግልጥ ያሳያል። በምዕራፍ 8 ከሰማይ የወረዱት ዐመፀኞች መላእክት ለሰው ልጆች አስማትንና ሥር መማስን፥ የከዋክብትንም ሟርት እንዳስተማሩ ይተርካል፤ ከእነርሱም አሥራድኤል የተባለው የጨረቃን ሩጫ አስተማረ ይላል። ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ደግሞ ቅዱስ ዑርኤል የብርሃናትን ሥርዐት ለሄኖክ ሲያሳየው፥ የጨረቃን መውጫና መግቢያ፥ መሙላትና መጉደል አንድ በአንድ ያስረዳዋል። ጨረቃዋ አንዲት ናት፤ ሩጫዋም አንድ ነው። የተለያዩት መምህራኑና የትምህርቱ መጨረሻ ናቸው። ዑርኤል ያስተማረው የፈጣሪን ሥርዐት ወደ ማድነቅ ያደርሳል፤ አሥራድኤል ያስተማረው ፍጡርን ወደ መለመን ያወርዳል።

ከዑርኤል ወገን የሆነው ትምህርት በእኛ ዘንድ ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ የቀመሩም ነገር ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፥ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነውና በመካከላቸው 11 ቀን ልዩነት ይገኛል። አበቅቴ የሚወጣው ከዚህ ነው። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7517 ነበረ። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱ ስለ ዘመኑ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። በዚህ መንገድ የዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ፤ ዐቢይ ጾምም ትንሣኤም ተከትለው ቦታቸውን ያዙ። እነሆ ጨረቃ በቤተ ክርስቲያን ተቈጠረች፤ ነገር ግን አልተለመነችም። መቼ እንድንጾም ነገረችን እንጂ ማን እንደሚከብር፥ ማን እንደሚደኸይ አልነገረችንም።

ዐውደ ነገሥት የሚገልጠው ሰው ደግሞ ይህንኑ መግደፍ ተውሶ ወደ ሌላ ያዞረዋል። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቍጥር ደምሮ በ12 ይገድፍና ኮከብህ ይህ ነው፥ በዚህ ጨረቃ መንገድ አትውጣ፥ በዚያ ጨረቃ ሚስት አታግባ ይለዋል። ቍጥሩ ቍጥር ስለ ሆነ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩ፥ እናቶቻቸውም ሞክሼ የሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ በደስታ ሁለተኛው በኀዘን ሲኖሩ እናያለን። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ሲያስተምር በኮከብ ቈጣሪዎች ላይ ያመጣው ክርክር ዛሬም አልተመለሰም፤ የሰው ሥራ ሁሉ ከሰማይ አካላት የተቈረጠ ከሆነ፥ ሕግ አውጪም ዳኛም ከንቱ ይሆናሉ፥ ሌባውም የሚወቀስበት፥ ጻድቁም የሚመሰገንበት ምክንያት አይኖርም ማለቱ ነው።

የጥንት ጥበብ ነው የሚሉም አሉ። በስልክ ከሚመጣው ብዙው ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ከገለጠው፥ በሙሉ ጨረቃ ከሚሰበሰበው አዲስ አምልኮ የተቀዳ ነው። የእኛ አገር ጥንት ደግሞ ሌላ ምስክር አለው። የአክሱም ነገሥታት ከክርስትና በፊት ባሠሩት ገንዘብ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ይታይ ነበር፤ በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ካመነ በኋላ በዚያ ስፍራ መስቀል ተተካ። አባቶቻችን ከገንዘባቸው ላይ ያወረዷትን እኛ በቤታችን መስኮት መልሰን እናነግሣታለንን? ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዓመት በመጽሐፈ ብርሃን ጠንቋይንና ሟርተኛን አጥብቆ የተቃወመው፥ ክርስቲያን ነኝ እያለ በጓዳው ሌላ ጌታ የሚያመልክ ሰው ስለ በዛበት ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ስለ ሆነ ቀላል ነው የሚለውን ነቢዩ ኤርምያስ አስቀድሞ መልሶታል። በምዕራፍ 7 ልጆች እንጨት ሲለቅሙ፥ አባቶች እሳት ሲያነድዱ፥ ሴቶች ለሰማይ ንግሥት እንጎቻ ሊጋግሩ ሊጥ ሲለውሱ ያሳየናል። ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተባብሮ ነበረ፤ ትብብሩ ግን አላዳነውም። በምዕራፍ 44 ደግሞ ሕዝቡ ያን ስናደርግ እንጀራ እንጠግብ ነበር ብለው ተከራከሩት። ዛሬም ሠርቶልኛል የሚለው ሰው ክርክር ይኸው ነው። ጻድቁ ኢዮብ ግን ጨረቃ ደምቃ ስትሄድ አይቶ ልቡ በስውር ቢታለል፥ እጁንም በአፉ ቢስም፥ ይህ በልዑል ፊት ክህደት እንደሚሆን በምዕራፍ 31 መስክሯል። ኢዮብ የተናገረው ስለ መቅደስና ስለ ጣዖት አይደለም፤ ማንም ስላላየው የእጅ መሳም ነው።

ዘመኑ የሰጠን ዕውቀትም ከዚህ ጋር አይጣላም። ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትዞር፥ የራስዋ ብርሃን የሌላት፥ የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ የምትመልስ አካል ናት። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰዎች በላይዋ ቆመው ድንጋይና አፈር ይዘው ተመለሱ። ለረገጧት ሰዎች ዕድላቸውን ያልነገረች፥ በሳሕን ውኃ ውስጥ ጥላዋን ላየ ሰው ትነግረዋለችን?

አሁን ከነገሩ ሁሉ የሚያሳዝነውን እንናገር። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ማዕከል በዚያው ስፍራ ተቋቋመ። በዚህ ሰፈር ከየአገሩ ተሰደው የመጡ ብዙ ሕሙማንና ልጆቻቸው ኖረዋል። ከቤታቸው ያሳደዳቸው ደዌው ብቻ አልነበረም፤ እርግማን ነው፥ የዘር ነው የሚለው የሰው ቃልም ነበረ። የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ደዌው ከተሕዋስ እንደሚመጣ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮም በተባበሩ መድኃኒቶች እንዲታከም የዓለም ጤና ድርጅት ወስኖ በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖቻችን ድነውበታል። ዘነበወርቅ እንግዲህ የበሽታን ምክንያት በሐሰት መናገር ሰውን ምን ያህል እንደሚያጠፋ የሚመሰክር ሰፈር ነው።

ዛሬ ይኸው ሐሰት በሚጥል በሽታ ላይ ይደገማል። በየሰፈሩ ልጁ የሚወድቅበት ቤት አለ። ጎረቤት ጨረቃ ነው ይላል፤ ምራቁ እንዳይነካን ብሎ ይሸሻል፤ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። እናቲቱም ጨረቃ እስክትጎድል ትጠብቃለች፤ ከሆስፒታል የተሰጠውንም ኪኒን ትተዋለች። የሚጥል በሽታ ግን በአንጎል ውስጥ የሚሄደው የነርቭ ኃይል ለጊዜው ሲታወክ የሚነሣ ሕመም ነው፤ በምራቅም በመንካትም አይተላለፍም። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ብዙዎችን ከመውደቅ ያሳርፋል፤ በድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል። ጨረቃ እስክትጎድል በሚጠበቅበት ሌሊት ልጁ ከምድጃው ላይ ይወድቃል።

ይህ ቤት በወንጌል የታወቀ ቤት ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 17 ጌታችን ከደብረ ታቦር ሲወርድ አንድ አባት ተንበርክኮ፥ በጨረቃ እየተነሣበት ብዙ ጊዜ በእሳት ብዙ ጊዜም በውኃ ስለሚወድቅ ልጁ ለመነው። በሽታውን በጨረቃ ስም የጠራው የሰው ልማድ ነው። ጌታ ግን ጨረቃን አልገሠጸም፥ የጨረቃንም ቀን አልጠየቀም፥ ሌሊቱ እስኪያልፍ ጠብቁም አላለም። ልጁን ወደ እኔ አምጡት አለ፤ ጋኔኑንም ገሥጾ ፈወሰው። እንግዲህ የወደቀ ሁሉ ጋኔን ያደረበት ነውን? አይደለም። ይኸው ወንጌላዊ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የቀረቡትን ሕሙማን ሲቈጥር፥ አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፥ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፥ ሽባዎችንም ለብቻ ይዘረዝራቸዋል። ወንጌል የለየውን እኛ አንቀላቅል።

ስለዚህ እናንተ ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ይህን ነገር በማውገዝ ብቻ አትለፉት። ወደ ጨረቃ የተመለከተችው እናት ብዙውን ጊዜ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሚረዳት ያጣች ናት። ካህኑ ሳይጠይቃት ወራት ሲያልፍ ሥር ማሹና ቅጠል በጣሹ ደጋግሞ ጠይቋታል። በንስሐ ጊዜ በቤትሽ የሚታመም አለን፥ ምንስ ታደርጊለታለሽ ብላችሁ ጠይቁ። ጠበል ስታዝዙ መድኃኒቱን ትተሽ ነይ አትበሉ፤ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒቱን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ያስተምራልና። ጠበሉን በእምነት፥ ኪኒኑን በሰዓቱ እንድትሰጠው ምከሯት። ከእኛ ከትምህርት ቤት ሰዎች መካከል ባሕረ ሐሳብን ተምሮ ዐውደ ነገሥት የሚሸጥ ቢኖር፥ ከዑርኤል የተማረውን ለአሥራድኤል እንዳስረከበ ይወቅ።

እናንተም ምእመናን ሆይ፥ ጨረቃን አትፍሯት፥ አትጥሏትም። በብርሃንዋ ልጆቻችሁ ይጫወቱ፥ መንገደኛው ይሂድባት፥ ገበሬው ወሩን ይቍጠርባት። በደጅ ያሳደራችሁት ውኃ ቢኖር ድፉት። በስልክ የሚመጣውን አትክፈቱት። በኤፌሶን ያመኑት ሰዎች ዋጋው 50,000 ብር የሆነ የአስማት መጽሐፍ በሰው ሁሉ ፊት አቃጥለዋልና የእናንተ ኪሳራ ከዚያ አይበልጥም። በዚያች አንዲት ክፍል፥ በእመቤታችን ሥዕል ፊት፥ ቤተ ሰባችሁን ሰብስባችሁ አቡነ ዘበሰማያትን ድገሙ። የታመመ ልጅ ያለበትን ጎረቤታችሁን ጎብኙ፤ ከምድጃው ራቅ አድርጎ የሚያስተኛው ሰው ሲያጣ አብራችሁት አምሹ፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ሲያጣም አብራችሁት ሂዱ።

ቅዱስ ዮሐንስ በራእዩ፥ በምዕራፍ 12፥ ፀሐይን የተጐናጸፈች ሴት አየ፤ ሊቃውንትም እመቤታችን ናት፥ ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው ይተረጕሟታል። በዚያ ራእይ ጨረቃ የት እንዳለች ተመልከቱ፤ ከእግርዋ በታች ናት። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኖ ከእናቱ እግር በታች ላለችው የሚሰግድ ማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ወለወላዲቱ ድንግል። ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።