ስለ ልብ፦ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ

ልጆቼ፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በጣና ዙሪያ ያላችሁ ሁሉ፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የምመክራችሁ ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ነው። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለጠብና ለክርክር ብቻ አይምሰላችሁ። የልብ በሽታም እንዲሁ ነው። ብዙውን ጊዜ ሳያምም ይገባል፣ ሳያምም ያድጋል፤ ባመመ ለት ግን መሽቷል። ቃሌ አንድ ነው፦ ሳያማችሁ ተመርመሩ፤ ሲሻላችሁም መድኃኒቱን አትተዉ።

ከልጆች ልጀምር። በአገራችን ልጅና ወጣት የሚነጥቀን አንዱ የልብ ሕመም ከጉሮሮ የሚነሳው ነው። ልጁን ቶንሲል ይይዘዋል፤ ያተኩሰዋል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሳል፤ እናትም እፎይ ትላለች። ጀርሙ በመድኃኒት ካልጠፋ ግን፣ ሰውነት ጀርሙን ሊዋጋ ያሰለፈው ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና የልቡን ቫልቮች ሊያጠቃ ይችላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ ያብጣል፤ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን ይዞራል። «ሲጫወት ወድቆ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ቫልቩ ግን ጠባሳ ይይዛል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው ይወፍርና ቫልቩ ወይ በቅጡ አይከፈትም፣ ወይ በቅጡ አይገጥምም። ከዓመታት በኋላ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው፣ እግራቸው ለሚያብጥ፣ በእርግዝና ጊዜ ልባቸው ለሚደክም ወጣቶች የበሽታቸው መነሻ ይኸው የልጅነት ጉሮሮ ሊሆን ይችላል። «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ እንያዘው።

የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ ይህ መከራ ቢያንገበግባቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ልጆቹ ለቀዶ ሕክምና ባሕር መሻገር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተና አገር ውስጥ መታከም ተቻለ። እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በርካሽ ፔኒሲሊን ሊቀር ይችል የነበረ ሕመም ደረት ተከፍቶ ቫልቭ እስከ መቀየር ያደርሳል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን።

በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ጥናቶች ይበልጥ ተስፋ የሰጠኝ ከኡጋንዳ የመጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ልጆችን ልብ በአልትራሳውንድ አዩ። ከእነዚህ መካከል ቫልቫቸው መጎዳት የጀመረ፣ እነሱ ግን አንዳች ሕመም የማይሰማቸው ልጆች ተገኙ። 818ቱን በሁለት ከፍለው ለግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጡ፤ ለሌሎቹ አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ወጣ። መርፌ ካልወሰዱት ከመቶ 8 ያህሉ በሽታው ጸናባቸው፤ ከወሰዱት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። እንግዲህ በርጥቡ መያዝ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁ ሳል ሳይኖረው ጉሮሮውን አሞት ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ ጀርሙን አያጠፋም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ። የታዘዘለትን መድኃኒት ትኩሳቱ ቢበርድም ይጨርስ። ወርሃዊ መርፌ የታዘዘለት ልጅ ደግሞ አንድም ወር አይለፈው፤ ለመከር ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ገጠር ስትሄዱ እንኳ ቀኑን አስባችሁ ሂዱ። የኔታዎች፣ እናንተንም እለምናችኋለሁ። ይህ ጀርም ተጠጋግተው በሚያድሩ ልጆች መካከል ቶሎ ይዛመታል። የአብነት ተማሪዎቻችሁ በአንድ ጎጆ ብዙ ሆነው ያድራሉና ጉሮሮውን ያመመውን፣ ጉልበቱ ያበጠውን ልጅ «ይለፍለታል» ብላችሁ አትዩት፤ ላኩት።

አሁን ወደ እኛ ወደ አዋቂዎቹ፣ ወደ ደም ግፊት ልምጣ። የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ሲውል ደንገሉ ቀስ እያለ ውሃ ይጠጣል። ቀዛፊው ቶሎ አይታወቀውም፤ ዐዋቂ የሆነ ግን መስመጥ እስኪጀምር አይጠብቅም፣ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ግፊትም እንዲሁ የደም ሥርን፣ ልብን፣ ኩላሊትን ያለ ድምፅ ይጎዳል። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው ከ1 ቢሊዮን በላይ አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ሰው ደኅና ውሎ ማታ ግማሽ አካሉ ሲዝል «ምች መታው» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ስትሮክ ነው፣ ከኋላውም ሳይለካ የኖረ ግፊት አለ። አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተያዘ ሰው ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ተለኩ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይወስን።

ጨውንም ቀንሱ። አሞሌ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ ጎጃም ድረስ እየመጣ እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ጨው በቁጠባ ይበላ ነበር። ዛሬ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ሲወጠወጥ ይደገማል፣ ገበታ ላይም ይነሰነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በቻይና 600 መንደሮች 21 ሺህ ያህል ሰዎች አምስት ዓመት ያህል የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ከጨዋቸው ሩቡ በፖታሲየም በተተካላቸው ሰዎች ላይ ስትሮክ ከመቶ በ14 ቀንሶ ተገኘ። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ጨው ያለ ሐኪም ምክር አይንካ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንላለን፤ እናንተ ደግሞ ለራሳችሁ ስትሉ መጥኑት። ሲጋራውንም ጫቱንም ተዉ፤ ሁለቱም ልብን ያስጋልባሉ፣ ግፊትንም ያንራሉ።

ሁለት ዓይነት ክኒን ቢታዘዝላችሁ «ጸናብኝ» ብላችሁ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በስድስት የአፍሪካ አገሮች 728 ጥቁር ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሁለት ሁለት መድኃኒቶችን እያጣመረ አወዳድሮ፣ አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች ግፊትን ይበልጥ እንደሚያወርዱ አሳይቷል። አነስ አነስ ያሉ ሁለት መድኃኒቶች ተደጋግፈው ቢሠሩ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ። ግፊታችሁ የወረደው መድኃኒቱን ስለወሰዳችሁ ነውና «ድኛለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጸበል የምትጠመቁም፣ ዱዓ የምታደርጉም በእምነታችሁ ጽኑ፤ ክኒኑንም ያዙ። ጸሎትን የሚሰማው አምላክ ለሐኪምም ጥበብን የሰጠ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላልና ለአጥማቂው የምትነግሩትን ለሐኪሙም ንገሩ፤ ለሐኪሙ የምትነግሩትን ለቤተሰብ አትደብቁ።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ ደግ ሥራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን በየወሩ ስትሰበሰቡ «ግፊቱን ያልተለካ ማን አለ? ወርሃዊ መርፌው ያለፈው የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ ተጠያየቁ፤ አቅም ያጣውንም አሳክሙ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ፤ የልጅ ልጅ አይታችሁ፣ ከልጅ ልጆቻችሁም ጋር ዳገት ውጡ። አሜን በሉ።