ማንጐራጐር ሁሉ ኀጢአት ነውን?

በቅዱሳት መጻሕፍት ማንጐራጐር የተባለው ግብር ሁለት መልክ ይዞ ይገኛል። እስራኤል በምድረ በዳ ስለ ሥጋና ስለ እንጀራ በሙሴና በአሮን ላይ አንጐራጐሩ፤ ይህም በደል ሆኖ ተቈጠረባቸው። በሐዋርያት ዘመንም በዕለት ዕለቱ አገልግሎት መበለቶቻቸው ችላ የተባሉባቸው ምእመናን አንጐራጐሩ፤ ሐዋርያት ግን ዝም በሉ አላሏቸውም፤ ማኅበሩን ጠርተው ሰባቱን ዲያቆናት አስመረጡ እንጂ። ዛሬ በመቅደስ የምናየው የዲቁና ማዕርግ ከድኾች አቤቱታ የተነሣ እንደ ተሾመ ስንቶቻችን እናስተውላለን?

የሁለቱ ልዩነት ወዴት ነው ቢሉ፣ በምድረ በዳ የነበሩት እግዚአብሔር ነፃ ያወጣቸውን ረስተው የግብፅን ምንቸት ናፈቁ። የመበለቶቹ እንጀራ ግን በማኅበሩ እጅ ነበረ፤ የጐደለው አዳዩ ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ሳይኖር ቀርቶ ነውን፣ ወይስ እያለ ሰው ይዞት ነው ብሎ መመርመር ይገባል።

ይህን ያነሣሁት፣ በመቅሠፍት ዘመን ድኾች ተሰብስበው ሹማምንትን ሲጠይቁ ካህን ምን ሊላቸው ይገባል በማለት ነው። ለዚህም የደቡብ አፍሪካ ነገር ምስክር ይሆነናል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1991 ዓ.ም. በኬፕ ታውን ከተማ ጥቂት ሰዎች በአንግሊካን ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደረጃ ላይ ቆመው፣ የኤድስ ሕመምተኞች መድኀኒት ያገኙ ዘንድ ጠየቁ። የሕክምና ዘመቻ የተባለው ማኅበር መነሻው ይህ ነው። ኋላም ከአባላቱ ብዙዎቹ በከተማ ዳርቻ የሚኖሩ ሥራ የሌላቸው ሴቶች ነበሩ፤ የመድኀኒቱን ስምና አሠራር እየተማሩ ጎረቤቶቻቸውን አስተማሩ።

በዚያ ወራት ኔቪራፒን የተባለው መድኀኒት ለእናቲቱ በምጥ ጊዜ አንድ ፍሬ፣ ለሕፃኑም ከተወለደ በኋላ አንድ ጊዜ ቢሰጥ፣ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ሕመም በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታውቆ ነበር። የሠራው ኩባንያም ለአምስት ዓመት ያለ ዋጋ ልስጥ ብሏል። መንግሥቱ ግን በየክፍለ ሀገሩ ከሁለት የሙከራ ስፍራ በቀር በሌሎቹ የመንግሥት ሐኪም ቤቶች እንዳይሰጥ ወሰነ። እንጀራው አለ፤ አዳዩ ከለከለ ማለት ይህ ነው።

ማኅበሩም ከሰሰ። ለሹማምንት መታዘዝ ታዟልና ይህ አይገባም የሚል ቢኖር፣ ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቄሣር ይግባኝ ማለቱን ያስብ፤ ወደ ሕግ የሚጮኽ ሕግን አቃለለ አይባልም። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሰኔ 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ክልከላው እንዲነሣ ፈረደ፤ በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ለሕመምተኞች ሁሉ ሕክምና እንዲሰናዳ ወሰነ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2001 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በመዘግየቱ ምክንያት ከ330,000 የሚበልጥ ነፍስ እንደ ጠፋ ገምተዋል።

ከመሪዎቹ አንዱ ዛኪ አክማት፣ ራሱ ሕመምተኛ ሲሆን፣ ድኻው በመንግሥት ሐኪም ቤት የማያገኘውን መድኀኒት አልወስድም ብሎ ነበር። ይህን እኔ አላጸድቀውም፤ ነፍስ የባለቤቷ ገንዘብ አይደለችምና። ማንዴላም ቤቱ ድረስ ሄደው መድኀኒቱን እንዲወስድ ለምነውታል። ነገር ግን ለብቻው መዳንን እንደ ነውር የቈጠረውን ሰው ለመንቀፍ አንደበቴ ይከብዳል፤ እኔ ራሴ በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁምና።

በ1996 ዓ.ም. መድኀኒቱ በአገራችን ገና በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ያለ ዋጋ መሰጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አንዲት የንስሓ ልጄ አራት ሴቶች አስከትላ ከቅዳሴ በኋላ መጣች። ወደ ጤና ሹማምንት አቤት ልንል ነውና ሰበካ ጉባኤው አብሮን ይቁም፣ በዐውደ ምሕረትም እንናገር አለችኝ። እኔም ይህ የዓለም ጉዳይ ነው፣ ልጄ፣ ታገሺ አልኋት፤ ለመንገድም ጥቂት ብር ሰጠኋት። ብሩን ተቀብላ እጄን ሳመችና፦

«አባቴ፣ እኔስ እታገሣለሁ፤ በሽታው ግን አይታገሥም» አለችኝ።

የዚያን ዕለት በቅዳሴ የተነበበው የሐዋርያት ሥራ ነበረ፤ ያነበብሁትም እኔ ነበርሁ።