ሊወድቅ የተደረደረ፥ ሊጸድቅ የተተከለ

አንባቢ ሆይ፥ የምንደክመው ለቍጥር ነውን ወይስ ለፍሬ? በሆላንድ አገር በሌዋርደን ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓመት 4,491,863 የዶሚኖ ጠጠሮች አንዱ ሌላውን እየጣለ ወደቁ፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። የተደረደሩት ሊወድቁ ነበርና ሥራው በዚያው ተፈጸመ።

በአገራችንም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ እንደ ተተከለ ተነገረ። ችግኝ ግን የሚተከለው ሊቆም ነው፤ ቍጥሩ ሲመሽ ያልቃል፥ ድካሙ በማግሥቱ ይጀምራል።

በብቸና ወይም በሞጣ የምትማር ወንድሜ ሆይ፥ በክረምት የተከልኸውን በበጋ ውኃ ካላጠጣኸው፥ ከፍየልም ካላጠርህለት፥ ያገኘኸው ምስጋና ውዳሴ ከንቱ ነው። ስለዚህ ማንም ሳያይህ አንዲቱን ጠብቃት፤ ተቈጥሮ ከደረቀ ብዙ ይልቅ ሳይቈጠር የጸደቀ አንድ ይሻላልና።