ችግኝ ብትጠይቀው በረዶ አሳየህ

ና እስቲ እዚህ በርጩማው ላይ ቁጭ በል፤ አቦሉ እስኪወርድ የምነግርህ አለኝ። ስልክህን ኪስህ አትክተተው፤ ወሬው የእሱ ስለሆነ እሱም ይስማ።

ትናንት ማታ የመንደራ ቆጪ ሰፈር ሰው ሁሉ የሳቀብህን አልረሳሁትም። አባትህ ጎማ ወረዳ ያለውን መሬት ቡና ሊተክልበት አስቦ፣ ዝርያው 74110 ይሁን አለ። አንተም «አኮ፣ ቆይ አሁን አወጣዋለሁ» ብለህ ቁጥሯን መታህ። ወጣልህ! በረዶ የለበሰ ተራራ። ሞርዚን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ ሰው ሁለት ቀጭን ጣውላ ተጫምቶ ቁልቁል የሚንሸራተትባት። ወረድ ስትል ደግሞ ኦክላሆማ ውስጥ ያለችው ተልሳ። ለካ 74110 የሁለቱም የፖስታ ቁጥር ኖሯል። የኦክላሆማው እንኳ ትንሽ ዘመዳችን ነው፤ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ሲከፈት ከዚያ የመጡ መምህራን አስተምረውበታል። በረዶው ግን ለቡና ምኑ ነው?

በስልኩ አልፈርድም። አልዋሸህም፤ የጠየቅኸውን መለሰልህ። «የ74110 ቡና ችግኝ» ብትል ኖሮ ሌላ ነገር ባወጣ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጎዶሎ ጥያቄ ይዞ የሄደ ጎዶሎ መልስ ተሸክሞ ይመለሳል።

የቁጥሯን ሥር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ፤ ገበሬው ሲቢዲ ይለዋል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ጠባሳ ያወጣና ይረግፋል። ያኔ እዚሁ ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ሰዎች በሽታው ያልደፈራቸውን እናት ዛፎች እየዞሩ መረጡ። 74 የተመረጠችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ 1974፤ የቀረው የዛፏ ቁጥር። እናቲቱ የተገኘችው መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ነው። አየህ፣ ለእኛ ገበሬ ቁጥሯ እንደ ልጅ ስም ናት።

አንድ ጎረቤታችን ደግሞ አምና ፍሬው ሲጠቁርበት ስልኩን ጠየቀ። የብራዚል ገበሬ የሚረጨውን መድኃኒት ከነልኩ ዘረዘረለት። ገንዘቡን ከሰከሰ፣ ረጨ፣ ፍሬው ረገፈ። በኋላ የግብርና ባለሙያው መጥቶ ሲያየው በሽታው ያው ሲቢዲ ነበር። ሲቢዲ ደግሞ ከአፍሪካ ወጥቶ አያውቅም፤ ብራዚል የለም! ሰውዬው በሽታዋን አይቶ ከማያውቅ ሐኪም ነው ለካ ማዘዣ የተቀበለው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ።

የፊደሉንማ ነገር አታንሳብኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልኩ። አሁን ስልኩ ላይ «ፀሐይ» ብዬ ስጽፍ አንድ ነገር፣ «ጸሀይ» ብዬ ስጽፍ ሌላ ነገር ይወጣል። ፀሐይ ስንት ናት? የገዛ ከተማችንንም «ጅማ» የሚል አለ፣ «ጂማ» የሚል አለ። በላቲን ፊደል አሳጥረህ የጻፍክ ቀን ደግሞ ኢዎ ጂማ የምትባል የጃፓን ደሴት መጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካኖችና ጃፓኖች የተፋጁባት። እኔ የሐሙስ ገበያን ዋጋ ጠብቄ ወታደር ባንዲራ ሲተክል አየሁ። ንጉሥ አባ ጅፋርን ስትጠይቀውም በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ የበላውን የኳስ ቡድን አመጣልህ። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥት ያላቸው ሰውዬ በረኛ ሳይሆኑ ቀሩ?

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን አንተው ያነበብክልኝ ነው። ጎግል የሚለው ስም የመጣው ጉጎል ከሚባል ቁጥር ነው አሉ፤ አንድ ተጽፎ መቶ ዜሮ የሚከተለው። ስሙን ሊያስመዘግቡ ሲሉ በስህተት ጻፉትና እንደዚያው ቀረ። በስህተት የተጻፈ ስም ይዞ ነው እንግዲህ «እንዲህ ለማለት ፈልገው ነው?» እያለ እኔን የሚያርመኝ!

ልጄ፣ 22 ዓመት መጋዘን ውስጥ ቡና ለቅሜያለሁ። ብልጥ ሻጭ ሙሉ ሙሉውን ፍሬ ጆንያው አፍ ላይ ያደርግና ጥቁሩንና የተነቀዘውን ከታች ይደብቀዋል። ጨዋ ገዢ አፉን አይቶ አይከፍልም፤ ከጎን ወግቶ፣ ከሥር አውጥቶ፣ እጁ ላይ በትኖ ያሸተዋል። ያ ስልክም ከላይ የሚያስቀምጥልህ አንዳንዱ ገንዘብ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። ሌላውን ደግሞ ስንት ሌላ ገጽ መሰከረለት ብሎ ይቆጥርለታል። ምስክር መቁጠር መልካም ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው ሁሉ ከአንድ ወሬኛ ከሰማ ምኑን ሃምሳ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነውን አስታውስ። ጎግል ራሱ አንብቦ ራሱ የሚያጠቃልል አዲስ መልስ ሰጪ አመጣና፣ የፒዛው አይብ አልጣበቅ ላለው ሰው ሙጫ ጨምርበት ብሎ መከረ። ከዓመታት በፊት አንድ ቀልደኛ የጻፈውን ነው እንደ ቁም ነገር ያነሳው። በቀን አንድ ትንሽ ድንጋይ ብሉም ብሏል። ሰው ቢሆን እኮ ሲናገር ፊቱን አይተህ ቀልዱን ትለይ ነበር።

እኛም ጥፋት አለብን። ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። አያትህ የትኛው ጥላ ዛፍ ለቡና እንደሚስማማ፣ ቡናው መቼ እንደሚጎነደል ያውቁ ነበር፤ አንድም መስመር ሳይጻፍ ይዘውት ሄዱ። ያልጻፍንለትን ስልኩ ከየት ያምጣው? እኔ ሳልሄድ ብዕርህን ይዘህ ተቀመጥ። ስትጽፍም በአማርኛም በኦሮምኛም አድርገው።

ቡናው ወረደ። ሰኞ መልኮ ድረስልኝ፤ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ታክሲ አለ። ቀይ አፈር ነው በላቸው፣ ቁልቁለት ነው በላቸው፣ ጥላ ያለውንና የሌለውን ለይተህ ንገራቸው። ሰኔ ሳይገባ ጉድጓዱ መቆፈር አለበት። እግረ መንገድህን ለእኔም ሁለት ችግኝ ጠይቅልኝ፤ የጓሮዋ ዛፌ አርጅታለች።