መቼ ጀመረ?
(ስለ ሱስና ስለ ተጠያቂነት)

ከሞጆ ተነሥቶ ቆቃን አልፎ ወደ መቂ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በዓለም ጤና በኩል ያልፋል። የከተማይቱ ስም ምርቃት ይመስላል። ይሁንና በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ ከተሞች ሁሉ እንደሚታየው፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ የጭነት መኪና ረዳት ወይም የሽንኩርት ማሳ የቀን ሠራተኛ ይሆናል፤ ከታላላቆቹ ጋር ሠርቶ ከታላላቆቹ ጋር ይቅማል፤ ማታም ምርቃናውን በአረቄ ይሰብራል።

ይህ ልጅ 30 ዓመት ሞልቶት ትዳሩን ሲበትን «ራሱ የመረጠው ነው» እንላለን። ለመሆኑ የመረጠው ማን ነው? የ30 ዓመቱ ሰው ነው ወይስ የ13 ዓመቱ ልጅ?

ችኮላን የሚገታውና ነገን የሚያሰላው፣ ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ብስለቱን አይፈጽምም። በአሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት፣ ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጥ ከጀመሩት ከመቶው 40 ያህሉ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት የመጠጥ ጥገኛ እንደ ሆኑ፣ 20 ዓመት ሞልቷቸው ከጀመሩት ግን 10 ያህሉ ብቻ እንደ ሆኑ አመልክቷል። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱን ሁሉ የፈጠረው ዕድሜ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ልጁን በማለዳው ወደ መጠጥ የገፋው ችግር በኋላም አብሮት ይኖራልና። ይህም ቢሆን ጥፋቱን ከልጁ ትከሻ ያወርዳል እንጂ አይጭንበትም።

ሴት ልጅ ስትጠጣ «ነውር ነው» የሚል ኅብረተሰብ ወንዱን ልጅ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» እያለ ያቀብለዋል። የአረቄው መለኪያ የወንድነት መለኪያ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች አልኮልም ሆነ ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። አዋጅ ግን የሻጩን እጅ ቢይዝ የአጎትን እጅ አይዝም።

እንግዲህ ሱሰኛው ከተጠያቂነት ነጻ ነውን? አይደለም። ለመጀመሩ የማይጠየቅ ሰው እንኳ ለመዳኑ ኃላፊነት አለበት፤ በእርሱ ፋንታ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥለት ሌላ እጅ የለምና። ነገር ግን ፈቃድ እንደ አጥንት በጊዜ የሚጠና ነገር ነው። ሳይጠና የተሰበረበትን ሰው «ለምን አትቆምም?» ብሎ መውቀስ ፍርድ አይባልም። ምርኩዙን፣ ይኸውም ሕክምናን፣ ሥራንና ታጋሽ ጓደኛን ማቀበል የኅብረተሰቡ ዕዳ ነው።

እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎችስ? እየተንገዳገደ ወደ መድረክ የሚወጣ ሰካራም ሳቅ እንደሚያመጣ እናውቃለን። እኔም ጽፌዋለሁ፤ አዳራሹም ስቋል። ያ ሰው የመጀመሪያዋን መለኪያ ሲጨብጥ ስንት ዓመቱ እንደ ነበር ግን የጠየቀ አልነበረም፤ ደራሲው እኔም አልጠየቅሁም።

መምህሩ በክፍሉ፣ ካድሬው በቀበሌው፣ ከያኒው በመድረኩ «ለምን አይተውም?» ከማለቱ በፊት «መቼ ጀመረ? ማንስ ሰጠው?» ብሎ ይጠይቅ። ዛሬ ማታ ከመኪናው የሚወርደው ረዳት ገና 13 ዓመቱ ነው፤ ለእርሱ ጊዜው አላለፈም።