ባሕር ውስጥ ሆኖ አየር መተንፈስ

ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ቢያስመስለውም ዓሣ አይደለም፤ እንደ ላምና እንደ ፍየል አጥቢ እንስሳ ነው። አካሉ ግን ለባሕር ተስማምቷል። ክንዱ መቅዘፊያ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለው ወፍራም ስብ ከብርድ ይጠብቀዋል፤ የሚተነፍሰው በአናቱ ነው። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓይነት ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ አንድ ሰዓት ያህልም ትንፋሹን ይዞ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለት ነገር አልተለወጠም፦ በሳንባው ይተነፍሳል፤ ልጁንም ወተት ያጠባል። ለመተንፈስ ወደ ላይ ካልወጣ የሚኖርበት ባሕር ራሱ ይገድለዋል። ዘመዱ ዶልፊንማ ሲተኛ እንኳ የአንጎሉ ግማሽ እያረፈ ግማሹ ይነቃል፤ ትንፋሽ እንዳይቀር።

ታዲያ ሰው በሰው አገር ምን ያህል ይለወጥ? አንዳንዶቻችን ቋንቋውን ሳንማር፣ ሕጉን ሳናውቅ ዓመታት አለፉ። ይህ ጽናት አይደለም፤ ያለ መቅዘፊያ ባሕር መግባት ነው። ሌሎቻችን ደግሞ ሁሉን ለወጥን። ሁለት ሥራ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ የቤት ክፍያ፤ ጸሎቱም፣ ከልጆች ጋር አብሮ መብላቱም «ትንሽ ልደላደልና» ተብሎ ቀረ።

ወገኖቼ፣ ዓሣ ነባሪ አይመርጥም፤ እኛ ግን እንመርጣለን፤ ስለዚህም እንጠየቃለን። ሥራችን፣ አለባበሳችን፣ አነጋገራችን ይለወጥ። ትንፋሻችንና ልጆቻችንን የምናጠባው ወተት ግን አይለወጥ። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ለመተንፈስ ወደ ላይ የወጣሁት መቼ ነው? ልጄስ ከእኔ ምን እየጠጣ ነው የሚያድገው?