ሰው በሌለበት የሚናገር መሣሪያና የባለቤቱ ተጠያቂነት

የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የተቀበለውን ድምፅ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ የሚያሠራጭ፣ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የሚተከል ጣቢያ ሲሆን፣ አጠገቡ ሰው ሳይኖር የመጣለትን ቃል ሁሉ የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ ሰው በሌለበት ለሚደረግ ነገር ሊጠየቅ ይገባዋልን የሚለውን የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል።

ፈላስፋው ካንት ግዴታ ያለ መቻል እንደማይቆም አስተምሯል፤ ሰው ሊያደርገው በማይችለው ነገር አይወቀስም። እንግዲህ በጎጃም ከቡሬ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ሪፒተር ቢተከልና ባለፈቃዱ ፍኖተ ሰላም ሆኖ መሣሪያውን የሚያጠፋበት መንገድ ባይኖረው፣ ኃላፊነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሌላው ሁሉ በሚናገርበት መግቢያ ፍሪኩዌንሲ ትእዛዝ መላክም አያድነውም፤ የኤፍኤም ተቀባይ ከሁለት ምልክቶች ብርቱውን ይዞ ደካማውን ስለሚጥል፣ ከኮረብታው ሥር የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭኖ የያዘ አንድ ሰው ከሩቅ የሚመጣውን ትእዛዝ ያፍነዋል። ስለዚህ ሪፒተሩ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ባለው ባንድ የሚሠራ ከሆነ፣ የባለፈቃዱን ትእዛዝ ብቻ የሚጠብቅ የመቆጣጠሪያ ተቀባይ ከ430 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ባንድ፣ በራሱ አንቴና ያዳምጣል፤ እንደ ስልክ ቁልፍ ድምፅ ያሉትን የቁጥር ምልክቶች ሲሰማም ማሠራጫውን ይዘጋል።

በጎጃም የቅኔ ቤቶችም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ የሚነግረው፣ የገዛ ዜማው የያዘው ጆሮ ስሕተቱን ስለማይሰማለት ነው። ዳኛ ከሚዳኘው ነገር ውጭ መቆም ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ የሌላውን ድምፅ መቁረጥ የሚችል እጅም ሊፈራ ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ በተለያዩ አገሮች ባሉ አማተሮች መካከል የሚደረግ ንግግር ትርጉሙ እንዲሰወር አይፈቅድም፤ የለየው ለአማተር ሳተላይቶች የሚላከውንና ከእነርሱ የሚመጣውን የመቆጣጠሪያ ምልክት ብቻ ነው። ከዚህ የግልጽነት መንፈስ ተነሥቶ ሲታይ፣ የሪፒተሩ የትእዛዝ ቁጥር በምሥጢር ቢጠበቅም፣ ቁጥሩን የያዘው ሰው ማንነት ግን በተጠቃሚው ሁሉ ዘንድ መታወቅ አለበት። መቆጣጠሪያውም ራሱ ሊደክም ይችላል፤ የአሜሪካ ደንብ የመቆጣጠሪያው መሥመር ቢበላሽ ጣቢያው ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳያሠራጭ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ኢቲ3ኤኤ በሚባለው የክበብ ጣቢያ የሠለጠኑ ወጣቶች አንድ ቀን ለቡሬ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለሊበን ገጠር ሪፒተር ሊተክሉ ቢነሡ፣ የመቆጣጠሪያ ተቀባዩን በኋላ የሚጨመር ዕቃ አድርገው አይቁጠሩት፤ ከምሰሶውና ከባትሪው ጋር በመጀመሪያው በጀት ያስገቡት።